ማቆያው ከአስፋልቱ ምን ያህል ይራቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና የዐምዱ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ብዙዎቹ በትልልቅ መንገዶች ዳር በተከፈቱ የሕፃናት ማቆያዎች የሚውሉ ልጆች ስለሚተነፍሱት አየር የሚጠይቁ ናቸው። ከእነዚህ አራቱን መርጠን፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን እንደሚከተለው መልሰናል። የጠያቂዎቹንም ሆነ የማቆያዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሞግዚት ስላላገኘሁ ሳሪስ አካባቢ ዋናው አስፋልት ዳር ወዳለ ማቆያ አስገባኋት። ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው፤ በምግቡም በንጽሕናውም ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ሕፃናቱ የሚተኙበት ክፍል መስኮት የሚከፈተው ወደ መንገዱ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ሚኒባሶች ሞተር ሳያጠፉ ተሳፋሪ ይጭናሉ። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን ፀሐይ የሚያሞቋቸውም እዚያው በር ላይ ነው። ልጄን ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ሳል አልለቃት ብሏል፤ ለገና ወላጆቼ ዘንድ ገጠር ስንሄድ ተሻላት፣ ስንመለስ ጀመራት። ሐኪም ቤት ስወስዳት «ብርድ ነው» ይሉኛል። የመኪናው ጭስ ይሆን? ላስወጣት ወይስ ልታገሥ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የልጅዎን ሳል ያመጣው ጭሱ ነው ወይም አይደለም ብሎ በደብዳቤ መፍረድ አይቻልም። ማቆያ የገባ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉንፋን በጉንፋን ላይ ሊደራረብበት ይችላል፤ በዓመት ስድስትም ስምንትም ጊዜ ቢይዘው የሚያስደነግጥ አይደለም። ገጠር ስትሄድ መሻሏም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምክንያቱም እዚያ ስትሄድ የተለየችው ከመኪና ጭስ ብቻ ሳይሆን አፍንጫቸው ከሚፈስ የማቆያ ጓደኞቿም ጭምር ነው። ይህን ካልን በኋላ ግን ጥርጣሬዎ መሠረት ያለው መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል። የጠቀሷቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ወደ መንገድ የሚከፈተው የመኝታ ክፍል መስኮት፣ በር ላይ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙት ታክሲዎችና የጠዋቱ ፀሐይ፣ ልጅዎ ጉንፋን ያዛትም አልያዛትም ሊስተካከሉ የሚገባቸው ናቸው።

ሕፃን ልጅ በተመሳሳይ አየር ውስጥ ከአዋቂ የበለጠ የሚጎዳበት ምክንያት አለ። ጤነኛ አዋቂ ዐርፎ በተቀመጠበት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ የልጅዎ ዕድሜ ያለ ሕፃን ከ20 በላይ፣ ሲሯሯጥ ደግሞ ከዚያም እጅግ በላይ ይተነፍሳል፤ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸርም የሚያስገባው አየር ከእኛ ይበልጣል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ስለማይበልጥ አፍንጫው የሚገኘው እርስዎና እኔ አየር ከምንስብበት ከፍታ ሳይሆን የመኪናው ማርሚታ ከሚተፋበት ከፍታ አጠገብ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳንባው ገና በመሠራት ላይ ነው። በሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገርባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት ከተወለደ በኋላ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሆን የሳንባ እድገት እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ድረስ ይቀጥላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ስለሆነ፣ በርካታ ሕፃናት ማቆያ የሚገቡት ይህ ግንባታ ገና በተጀመረበት ወቅት ነው።

ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚያማርሩት አቧራውን ነው። አቧራ ዐይን ያቃጥላል፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ ለሚያስልም ልጅ አይመከርም፤ ሆኖም አብዛኛው ሻካራ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው በዐይን የማይለየው ነው። የጤና ባለሙያዎች የሚለኩት ደቃቅ ብናኝ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ 2.5 እጅ የማይበልጥ፣ ማለትም ከጠጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንስ ነው። ይህ እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳል፤ ከእሱም የሚያንሰው ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ከዚህ ዋነኛ ምንጮች አንዱ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ቀድሞ ያስቀመጠው ወሰን 10 ነበር።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። ከመኪና የሚወጣው ጭስ ከመንገዱ ጠርዝ በራቁ ቁጥር በፍጥነት ይሳሳል። በሎስ አንጀለስ ፈጣን አውራ ጎዳናዎች አጠገብ የተደረጉ ልኬቶች እንዳሳዩት እጅግ ደቃቁ ብናኝ በመጀመሪያዎቹ 100 እና 150 ሜትሮች ውስጥ በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል፤ 300 ሜትር ገደማ ሲደርስ ከአካባቢው አየር ጋር ይመሳሰላል። ይህ ግን ነፋስ ባለበት ቀን ነው። የእኛ ከተማ የራሷ ጠባይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያረጀ ሞተር ደግሞ በሳሳ አየር ውስጥ ነዳጁን አሟጦ ማቃጠል ስለሚያቅተው ይበልጥ ያጨሳል። ዳገት ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ከአይሱዙ ኋላ በእግሩ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በተጨማሪም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ጥርት ብሎ ስለሚቀዘቅዝ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ቀዝቃዛና ከባድ ይሆናል፤ ባለበት ስለሚረጋም ጭሱ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ያጣል። በእንደዚህ ያለው ማለዳ የመንገዱ ጭስ ከተለመደው ርቀት አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ ሕፃናቱን ፀሐይ የሚያሞቁበት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የመኪናው ብዛትም የአየሩ መርጋትም በአንድ ላይ የሚገናኙበት መሆኑን ልብ ይበሉ።

በልጆች ላይ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል ለሚለው ከውጭ አገር የተገኙ ጠንካራ ማስረጃዎች አሉ። በደቡብ ካሊፎርኒያ በ12 ከተሞች የሚኖሩ ከ3,600 በላይ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት፣ ቤታቸው ከአውራ ጎዳና በ500 ሜትር ክልል ውስጥ የሆነ ልጆች ከ1,500 ሜትር በላይ ከሚርቁት ይልቅ የሳንባቸው እድገት ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በባርሴሎና በ39 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 2,715 ልጆችን የመረመረው ደግሞ ስለ ሳንባ ሳይሆን ስለ አእምሮ ነበር፤ አየራቸው በተበከለ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች መረጃን ለአጭር ጊዜ ይዞ የመሥራት ችሎታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ በ7.4 በመቶ ሲያድግ አየራቸው በተሻለው ግን በ11.5 በመቶ አድጓል። እነዚህ ልጆች ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ የእርስዎ ልጅ ከእነሱ በእጅጉ ታንሳለች።

ስለዚህ ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ራስዎ ይመልከቱ። አንድ ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥበው የመኝታ ክፍሉን የመስኮት ደፍ ይጥረጉ፤ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላም ይድገሙት። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ቀይ ወይም ቡና ዓይነት ከሆነ አብዛኛው የአፈር ብናኝ ነው፤ ጥቁርና በጣት ሲያሹት ቅባት ቅባት የሚል ከሆነ የናፍጣ ጥላሸት አለበት ማለት ነው። ይህ የላቦራቶሪ ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን ከማቆያው ኃላፊ ጋር ለመነጋገር ከማንኛውም ቃል የተሻለ ማሳያ ይሆናል። ከዚያም የሚጠይቁት ማቆያው እንዲዛወር ሳይሆን ክፍሎቹ እንዲለዋወጡ ነው። በግቢው የኋላ በኩል ቢሮ ወይም ዕቃ ማስቀመጫ አለ? ካለ ሕፃናቱ ወደዚያ ይዙሩ፣ ቢሮውም ወደ መንገዱ ይምጣ። አንድ ሕፃን ማቆያ ከሚያሳልፈው ጊዜ ጥቂት የማይባለው እንቅልፍ ስለሆነ የመኝታ ክፍሉ ከመንገዱ ዞር ማለቱ ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው። ፀሐይ ማሞቁን ማንም አይከለክልም፤ ለአጥንት ያስፈልጋቸዋል። ቦታው ግን የጓሮው ወገን ይሁን፣ ሰዓቱም ከ3 ሰዓት በኋላ ይሁን። ታክሲዎቹን በተመለከተ ከተራ አስከባሪዎቹ ጋር መነጋገር ከባለሥልጣን ደብዳቤ ይልቅ ቶሎ ፍሬ ያፈራል፤ ፌርማታውን ሃያ ሜትር ወደፊት መግፋት ለእነሱ ምንም አያጎድልባቸውም።

ይህ ሁሉ ተጠይቆ እምቢ ከተባሉ፣ ሌላ አማራጭ ካገኙም፣ ቢያዛውሯት ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ። ሆኖም ከመንገዱ 200 ሜትር ገባ ያለ ስለሆነ ብቻ ሕፃናትን የሚያስለቅስ፣ ለአሥራ አምስት ልጅ አንዲት ሞግዚት ያቆመ፣ ወይም በማዕድ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ከሰል የሚያነድድ ማቆያ አይምረጡ። ደግ ሠራተኛ በቀላሉ አይገኝም።

ስለ ሳሏ አንድ ነገር ልጨምር። «ብርድ ነው» የሚለው መልስ አንዳንዴ ትክክል ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሳት፣ ስትሮጥ ወይም ስትስቅ የሚነሣ፣ ወይም ትንፋሿ ሲር ሲር የሚል ከሆነ አስም ሊሆን ስለሚችል የሕፃናት ሐኪም ይይልዎት። ዐርፋ ሳለች ትንፋሿን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ባለ ሕፃን ደግሞ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራተኞች ልጆች ማቆያ አስተባባሪ ነኝ። ማቆያው ከሕንፃው ግራውንድ ላይ ሲሆን በአንድ ወገን የመኪና ማቆሚያ፣ በሌላው ወገን ጄኔሬተር አለ። ወላጆች ስለ ጭሱ ስላማረሩ የአየር ማጣሪያ ማሽን ለመግዛት በጀት አስፈቅጃለሁ። ምን ዓይነት ልግዛ?
አስተባባሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በጀቱን ይዘው ይቆዩ፤ ማሽኑ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ።

አንድ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ማቆሚያው ጥግ ላይ ቆመው ይታዘቡ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች አሽከርካሪዎች ማታ ለመውጣት እንዲቀላቸው መኪናቸውን ወደ ኋላ አስገብተው ያቆማሉ፤ በዚህም ምክንያት የመኪናው ጀርባ ግድግዳውን፣ ማርሚታውም የሕፃናቱን መስኮት ታክኮ ይቆማል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሞተር ሲያስነሣ፣ ያውም ቀዝቃዛ ሞተር ከሞቀው ይበልጥ ስለሚያጨስ፣ ጭሱ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። መፍትሔው ከመስኮቱ ሥር ያሉትን ቦታዎች ለመኪና መከልከል ነው፤ ይህ ካልተቻለ በእነዚያ ቦታዎች ላይ መኪኖች በአፍንጫቸው ገብተው እንዲቆሙ ማስታወቂያ መለጠፍና ጥበቃዎቹ እንዲያስፈጽሙ ማድረግ ነው። ልጃቸውን ለመውሰድ የመጡ ወላጆችና ኃላፊዎችን የሚጠብቁ ሾፌሮችም ሞተር ያጥፉ። ኃላፊውን የሚጠብቀው ሾፌር ይህን ሲሰማ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ትእዛዙ ከእርስዎ ሳይሆን ከኃላፊው ቢወጣ ይመረጣል።

ጄኔሬተሩ ከመኪኖቹ ይልቅ ያሳስበኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ለሰዓታት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በሕፃናት መኝታ አጠገብ መቆም አልነበረበትም። የሚወጣው ጥላሸት ብቻ አይደለም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት፣ ይህም በዝግ ክፍል ውስጥ ሳይታወቅ ይገድላል። ጄኔሬተሩን ማዛወር ካልተቻለ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከጣሪያ በላይ እንዲወጣና ከመስኮቶች እንዲርቅ በአስቸኳይ ያሠሩ። በጀትዎን መጀመሪያ የማውለው እዚህ ላይ ነበር።

መስኮትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑን ሙሉ ቆልፎ በመዋል ነው። ሠላሳ ሕፃናት በአንድ የታፈነ ክፍል ውስጥ ሲውሉ ጉንፋኑም፣ ኢንፍሉዌንዛውም፣ አንድ አዋቂ ሳይታወቅ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ይዞት ከሆነም እሱው ይዛመታል። ስለዚህ መስኮት መከፈት አለበት፤ ጥያቄው መቼና በየትኛው ወገን የሚለው ነው። የመግቢያው ግርግር ካለፈና ፀሐይዋ አየሩን ማሞቅ ከጀመረች በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከመኪና ማቆሚያው በተቃራኒ ያሉት መስኮቶች ወለል ብለው ይከፈቱ። ከመውጫ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ የማቆሚያው ወገን ይዘጋ። ሕፃናቱ ውጭ የሚጫወቱበት ጊዜም ከዚሁ ጋር ይጣጣም።

የግቢ አጥርም ሥራ አለው። ከመሬት ጀምሮ ክፍተት የሌለው ግንብ፣ ወይም ከሥሩ እስከ ጫፉ ጥቅጥቅ ብሎ የተከረከመ የፈረንጅ ጽድ፣ ከኋላው ላለው መጫወቻ የሚደርሰውን ጭስ ይቀንሳል። ከግርጌው የተራቆተ፣ ቅጠሉ ከላይ ብቻ ያለ ረጅም ዛፍ ግን ጭሱን በሥሩ ያሳልፋል፤ በጠባብ መንገድ ላይ ከሆነም እንደ ጣሪያ ሆኖ ጭሱን ወደ ታች ሊያምቀው ይችላል። በለንደን ከተማ አስተዳደሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት እጅግ በተበከሉ ሰፈሮች የሚገኙ 20 መዋዕለ ሕፃናትን አንድ በአንድ ሲያስመረምር ይታዩ ከነበሩት ነገሮች መካከል የመግቢያ በሩ አቅጣጫ፣ ቆመው የሚያጨሱ መኪኖች፣ የአረንጓዴ አጥርና የአየር ማጣሪያ ይገኙበታል። ያን ዓይነቱን ምርመራ እዚህ ለማድረግ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

የራስዎንም ቤት ይፈትሹ። የሠራተኞች ቡና የሚፈላው በከሰል ነው? ዕጣን የሚጨሰው በየትኛው ክፍል ነው? ቆሻሻ ከአጥሩ ጥግ ይቃጠላል? ወለሉ የሚጸዳው በደረቅ መጥረጊያ ከሆነ የወረደው ብናኝ ሁሉ ተመልሶ ይነሣል፤ በእርጥብ መወልወያ ይተካ። ከውጭ የሚመጣውን ጭስ እየረገሙ የውስጡን ማለፍ በወላጆች ፊት አያስከብርም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ማሽኑ ይምጣ። ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው፣ ለክፍሉ ስፋት የሚመጥን፣ መለዋወጫ ማጣሪያው እዚሁ አገር ውስጥ የሚገኝ ይሁን። «አየር ያድሳል» እየተባለ ኦዞን የሚያመነጭ ዓይነት አይግዙ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ ያቃጥላል። ሄፓ ብናኝን ይይዛል እንጂ እንደ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ያለውን ጋዝ አይይዝም፤ መስኮት ተከፍቶ ሲሠራም ጥቅሙ እምብዛም ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ይጠፋል፤ ያኔ ነው እንግዲህ ጄኔሬተሩ የሚነሣው።

ጥያቄ፦ በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው የምንኖረው። ልጃችንን አማርኛ እንዲሰማ ብለን በቤቷ ሕፃናት ለምታቆይ ኢትዮጵያዊት እህት ሰጥተነዋል። ቤቷ ከአይ 10 ፍሪዌይ አንድ ብሎክ ያህል ብቻ ይርቃል። ፈቃድ ያላት ናት። ፈቃድ ከተሰጣት ቦታው ተፈትሿል ማለት አይደለም?
አባት፣ ከሎስ አንጀለስ

መልስ፦ የእናንተ ግዛት በዚህ ጉዳይ ከሌላው ቀድሟል፤ ሆኖም የእርስዎ ልጅ በቀዳዳው በኩል አምልጧል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከፍሪዌይ በ500 ጫማ፣ ማለትም በ150 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ እንዳይሠሩ ገድባለች። የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2005 ለከተማ ፕላን አውጪዎች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ይህንኑ ርቀት ለመኖሪያ ቤቶችና ለሕፃናት ማቆያዎች ጭምር መክሯል። የመጀመሪያው ሕግ ቢሆንም ስለ ትምህርት ቤት የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ በግለሰብ ቤት የሚሠራ ማቆያ ፈቃድ ማግኘቱ ከፍሪዌዩ ያለው ርቀት ተመዝኗል ማለት አይደለም።

እህታችንን ግን ተወቃሽ አያድርጓት፤ ቤቷን የምትከራየው በአቅሟ ነው። ቤቱ ማዕከላዊ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ካለው ማጣሪያውን መርቭ 13 በሚባለው (ደቃቅ ብናኝ በሚይዝ) ደረጃ መቀየር ብዙ ወጪ የለውም፤ መሣሪያው ይችለው እንደሆነ ግን ባለሙያ ይጠየቅ። የልጆቹ መኝታ ከፍሪዌዩ በተቃራኒ ወገን ይሁን። በሳንታ ሞኒካ በዚሁ በአይ 10 አጠገብ ፀሐይ ሳትወጣ በተደረገ ልኬት ጭሱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ታይቷል፤ እናም በማለዳ ልጅ የሚያደርሱ ወላጆች ተባብረው መስኮቶቹ ረፋድ ላይ እንዲከፈቱ ቢያደርጉ መልካም ነው።

አንድ የሚያበረታታ ነገር አለ። የአካባቢያችሁ አየር በሕግ ግፊት ለዓመታት ሲሻሻል የልጆቹ ሳንባም አብሮ ተሻሽሏል። በደቡብ ካሊፎርኒያ በ15 ዓመታቸው የሳንባ አቅማቸው ከሚጠበቀው በታች የሆነባቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከነበረው 7.9 በመቶ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ 3.6 በመቶ ወርደዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነው። «ወተት ጭስ ያጥባል» ብሎ ልጃችን ከማቆያ በተመለሰች ቁጥር አንድ ትልቅ ብርጭቆ ያጠጣታል። እናቴ ደግሞ ማር በሎሚ ትላለች። ማስክስ ላድርግላት? ገና ዓመት ከስድስት ወሯ ነው።
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ሳንባ አይደርስም፣ ስለዚህ ጭስም ሆነ የቀለም ተን አያጥብም። ለባለቤትዎ የሚጠቅመው ተስማሚ የጋዝ መከላከያ ጭንብልና በር የተከፈተበት ጋራዥ ነው። ለልጅዎ ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ በቀን ከግማሽ ሊትር ካለፈ ግን ሌላውን ምግብ እያስጠላ የብረት እጥረት ሊያመጣ ይችላል። ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለእርስዎ ልጅ በጥቂቱ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም።

ማስክ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይደረግም፤ ሊያፍናት ይችላል። የጨርቁ ማስክ ደግሞ ደቃቁን ብናኝ በሚገባ አያግድም። በእሱ ፈንታ መንገድዎን ይቀይሩ። ልጅዎን አዝለው ሲያመላልሱ በአስፋልቱ ጠርዝ ሳይሆን በውስጥ ለውስጥ ይሂዱ፤ አማራጭ ከሌለ ከእግረኛው መንገድ ወደ አጥሩ ተጠግተው ይራመዱ፤ ታክሲ ሲጠብቁም ከመኪናው ኋላ አይቁሙ። በመኪና ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋጋ መስኮቱን ዘግተው የአየር ማስገቢያውን በውስጥ አየር ወደሚሠራበት ይቀይሩት፤ መኪናው ሲላቀቅ ይክፈቱት።